ፕላክሊ፣ የኬንቷ የመናፍስት መንደር፦ በቀን ሂዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሩ

ፕላክሊ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ክፍለ ሀገር፣ ከአሽፎርድ ከተማ በስተምዕራብ በኮረብታ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። የጊነስ የክብረ ወሰን መጽሐፍ በ1989 ከእንግሊዝ መንደሮች ሁሉ መንፈስ የሚበዛባት ብሎ ከመዘገባት ወዲህ ስሟ ከዚህ ወሬ ተለይቶ አያውቅም። አብዛኞቹ ዝርዝሮች አሥራ ሁለት መናፍስት ይቆጥሩላታል፤ አሥራ አራትና አሥራ ስድስት የሚያደርሷቸውም አሉ። እዚህ የምንገመግመው ያንን ዝርዝር ይዞ በመንደሯ የሚደረገውን የእግር ጉዞ ነው፤ በራስ ካርታ የሚሄዱበትንም፣ ተከፍሎት አስጎብኚ የሚመራውንም።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። በቀን፣ በራስ ካርታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ተጀምሮ ከሆነ ከአምስት አራት ተኩል ይገባዋል። በሌሊት በመኪና ተጭኖ ወደ ጫካው ለሚደረገው ግን ሁለትም ይበዛበታል። ፕላክሊን ከሌሎች መሰል መንደሮች የሚለያት፣ የመንፈስ ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደጨመረበትና ምን ላይ እንደቆመ በዓይን ማየት መቻሉ ነው። ለዚያ ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል።

መድረሻው ቀላል ነው። ከለንደን ቻሪንግ ክሮስ ወይም ለንደን ብሪጅ ተነስቶ በቶንብሪጅ በኩል ወደ አሽፎርድ የሚሄደው ባቡር ፕላክሊ ላይ ይቆማል፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ከሴንት ፓንክራስ የሚነሳው ፈጣን ባቡር አሽፎርድ የሚገባው በ40 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ፕላክሊ ስለማይቆም አሽፎርድ ላይ ወርዳችሁ በቀርፋፋው ባቡር አንድ ጣቢያ ወደ ኋላ መመለስ አለባችሁ። ፈጣኑ ዋጋውም ከፍ ይላል። የለንደኑ ኦይስተር ካርድ እዚህ አይሠራም፤ ቲኬቱን ከመነሻችሁ ቁረጡ። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሆናችሁ አብራችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ባልሆነ ጊዜ የቡድን ቅናሽ ጠይቁ፤ ሲሶው ይቀነስላችኋል። የእሁድ ጉዞ ከሆነ የሐዲድ ጥገና እንዳለ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ፤ በዚህ መስመር ባቡሩ በአውቶቡስ የሚተካባቸው እሁዶች አሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጣቢያው ላይ ነው። ጣቢያውና መንደሩ አንድ ቦታ አይደሉም። ጣቢያው በ1842 የተከፈተው ታች ሜዳው ላይ ነው፤ መንደሩ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ሰሜን፣ ዳገቱ ላይ። አብዛኛው መንገድ የእግረኛ መሄጃ የለውም። በእንግሊዝ መኪና በግራ ስለሚነዳ እግረኛ የሚሄደው በቀኝ ጠርዝ ነው፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ። በኩርባዎቹ ላይ ሾፌር ቀድሞ እንዲያያችሁ ወደ ሌላው ጠርዝ ተሻገሩና ኩርባውን ስታልፉ ተመለሱ። ደማቅ ልብስ ልበሱ። በዚህ መንደር እውነተኛው አደጋ ይሄ ጠባብ መንገድ ነው፤ ጥቁር ጃኬት ለብሰው በምሽት የሚሄዱ ጎብኚዎች በጣም ያሳስቡናል።

ካርታ ከፈለጋችሁ ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የብሪታንያ የካርታ ድርጅት የሚያሳትመው ኤክስፕሎረር ቁጥር 137፣ የአሽፎርድ የሚባለው፣ ሁሉንም ቦታ ይይዛል። መለኪያው አንድ ለ25,000 ስለሆነ የእርሻ አጥርና የእግር መንገድ ሳይቀር ይታይበታል። ስልክ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ በቆላው በኩል ኔትወርክ ይቆራረጣል። ከሃስልሜር ተነስቶ 108 ማይል የሚሄደው የግሪንሳንድ ዌይ የእግር መንገድም በመንደሩ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ በአትክልትና በግጦሽ መሬት መሃል የምትሄዱባቸው ቦታዎች አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መጀመሪያ የቅዱስ ኒኮላስን ቤተ ክርስቲያን እዩ። ከፕላክሊ መናፍስት ታላላቆቹ ሁለቱ እዚህ ናቸው፣ ሁለቱም የዴሪንግ ቤተሰብ እመቤቶች። ዴሪንጎች ይህን አካባቢ ለዘመናት የገዙ ባለርስቶች ነበሩ። ቀይዋ እመቤት በመቃብሩ መሃል እየተመላለሰች ምልክት ሳይደረግበት የተቀበረ ጨቅላ ልጇን ትፈልጋለች ይባላል። ነጯ እመቤት ደግሞ ውበቷ ከመሬት በታችም እንዳይጠፋ ባሏ አንዱ በሌላው ውስጥ በተከተቱ ሰባት የእርሳስ ሣጥኖች፣ ከዚያም በኦክ እንጨት ሣጥን፣ ደረቷ ላይ ቀይ ጽጌረዳ አኑሮ አስቀበራት ይባላል። ሰባቱ ሣጥንና ጽጌረዳው ግን በአንዳንዱ ዝርዝር ለቀይዋ፣ በሌላው ለነጯ ነው የሚሰጡት። አንድ አስጎብኚ ይህን መደባለቅ ራሱ ካነሳላችሁ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ዝም ብሎ አንዱን እንደ እርግጠኛ ታሪክ ከነገራችሁ፣ የሚያነበው ከሌላ ሰው ወረቀት ነው።

ወደ ውስጥ ገብታችሁ የዴሪንግ ጸሎት ቤት ወደሚባለው ክፍል እለፉ። በሌሊት ከላይኛው መስኮቱ ብርሃን ይታያል፣ ከሥሩም የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል የሚባለው ይሄ ነው። መስኮቱን ተዉትና ወለሉን እዩ። የዴሪንግ ቀደምት አባቶች ምስልና ስም የተቀረጸባቸው የናስ ሰሌዳዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሐሰተኞች አሉበት። የሠራቸው ሌባ ወይም ነጋዴ አይደለም፤ የቤተሰቡ ሰው የሆነው፣ ባሮኔት የሚባለውን የውርስ ማዕረግ ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ሆኖ ያገኘው ሰር ኤድዋርድ ዴሪንግ ነው (ከ1598 እስከ 1644 የኖረ)። የፓርላማ አባልና የጥንት ሰነድ ሰብሳቢ ነበር፤ ዘሩን ከጥንት ባላባቶች ለማያያዝ ሲል፣ ከእሱ ዘመን እጅግ ቀድመው ሞቱ ላላቸው አባቶች አሮጌ አስመስሎ የመታሰቢያ ናስ አስቀረጸና ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አኖረ። ይህንኑ በብራናም አድርጎታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ 324 የባላባት ጋሻ ምልክቶች ያሉበት፣ ዛሬ የዴሪንግ ጥቅል የሚባል ብራና እጁ ገብቶ ነበር። ከምልክቶቹ አንዱን ፍቆ፣ በምትኩ ሪቻርድ የሚባል የዴሪንግ ዘር ጨመረበት፤ ያ ሰው ኖሮ አያውቅም። ብራናውን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ2008 ገዝቶታል፤ ፍቀቱም የታወቀ ነው።

ልብ በሉ፣ የመንደሩ በጣም የታወቁ መናፍስት የሚመላለሱበት ክፍል ውስጥ፣ ከእግር በታች፣ ኖረው የማያውቁ ሙታን በናስ ተቀርጸው አሉ። ይህንን የሚያሳይ የሌሊት ጉብኝት የለም ማለት ይቻላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በሌሊት ዝግ ነውና። ለፕላክሊ አንድ ሰዓት ብቻ ካላችሁ እዚህ ጨርሱት።

ጥቂት የአካሄድ ነገር። እንዲህ ያሉ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ቀን ቀን ክፍት ይሆናሉ፤ ሠርግ፣ ቀብር ወይም ጸሎት ካለ ግን መጠበቅ ነው። ናሱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ከሆነ ጠይቁ እንጂ ራሳችሁ አትግለጡ። ወረቀት አስቀምጦ በሰም እያሹ ምስሉን መቅዳት ያለ ፈቃድ አይደረግም። ጫማችሁ ጭቃ ከሆነ ደጅ አውልቁት። የእንግሊዝ የገጠር ደብር ጣሪያውን የሚጠግነው በምዕመናንና በጎብኚ መዋጮ ስለሆነ በር ላይ ያለችውን ሣጥን ሳታዩ አትለፉ። ውጭ ያለው መቃብርም ዛሬም ሰው የሚቀበርበት ነው፤ አበባ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ። በመቃብር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቪዲዮ መቅረጽ ነውር ነው፣ በየትም አገር።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የሚነገር አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ከመናፍስቱ ሁሉ እኛ የምንወደው። በ1970ዎቹ መንፈስ የሚመረምሩ ሰዎች ቄሱን አስፈቅደው ሌሊቱን ተቆልፎባቸው አደሩ ይባላል፤ ካሜራ፣ ድምፅ መቅጃና ቴርሞሜትር ይዘው። ጠዋት ሲወጡ ምንም አላየንም፣ ሰልችቶን ነው ያደርነው፤ ደግነቱ ውሻዎ እየመጣ ያጫውተን ነበር አሏቸው። ቄሱ ውሻ አልነበራቸውም። ታሪኩ በዚህ ያበቃል። ጥሩ የመንፈስ ታሪክ ምን ያህል አጭር መሆን እንዳለበት ያሳያል፤ ደምም ጩኸትም የለበትም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስትወጡ የቤቶቹን መስኮት ተመልከቱ። በመንደሩ ያሉ ብዙ ቤቶች መስኮታቸው ከላይ ክብ ነው፤ ጠባብ ሆኖ ሁለትና ሦስት እየሆነ የተደረደረ። የዴሪንግ መስኮት ይባላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ አንድ ዴሪንግ ከፓርላማው ወታደሮች እጅ እንዲህ ባለ መስኮት ዘልሎ አመለጠ ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የርስቱ ጌታ የነበረው ሰር ኤድዋርድ ቾልመሊ ዴሪንግ ይህ መስኮት ለቤተሰቡ ገድ ነው ብሎ በግዛቱ ባሉ ቤቶች ሁሉ እንዲሠራ አደረገ። አሁንም አንድ አፈ ታሪክ ተነስቶ በጡብና በመስታወት ሲገነባ ታያላችሁ። የቤተሰቡ ትልቅ ቤት ሰረንደን ዴሪንግ ግን በ1952 በእሳት ወድሟል። ነጯ እመቤት በዚያ ቤት መጻሕፍት ክፍል ውስጥም ትታይ ነበር፣ አንድ ሰው የገና ዋዜማ ሌሊት ጠብቆ ጠመንጃ ተኮሰባት የሚል ታሪክ አለ። ከእሳት የተረፈው የቤቱ ክፍል የግል መኖሪያ ስለሆነ ወደዚያ የሚያስኬድ ነገር የለም።

በመሃል መንደሩ ያለው ብላክ ሆርስ የተባለው መጠጥ ቤትም ከዝርዝሩ አለ፤ ዕቃ ይሰወራል፣ ብርጭቆ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፣ የደንበኛ ኮት ጠፍቶ ሌላ ቦታ ይገኛል ይባላል። ጣቢያው አጠገብ ያለው ዴሪንግ አርምስ በ1840ዎቹ ለዴሪንጎች የአደን ማረፊያ ተብሎ የተሠራ ድንቅ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ መስኮቶቹም እነዚያው ናቸው። እዚያ ደግሞ ኮፍያ ያደረገች አሮጊት በጥግ ተቀምጣ ትታያለች ይባላል። የእንግሊዝ የገጠር መጠጥ ቤቶች በየጊዜው ባለቤት ይቀይራሉ፣ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት ይዘጋሉ፣ ከሰዓት በኋላም ኩሽናው ያርፋል። ስለዚህ ለምግብ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ካልሆነም ስንቅ ያዙ። በጾም ቀን ለሚሄድ ሰው ስንቅ መያዙ ይሻላል፤ የእንግሊዝ ገጠር የአትክልት ምግብ አብዛኛውን ጊዜ አይብ አለበት።

ከመንደሩ ወደ ታች ሲወረድ የመንገዱ መናፍስት ይጀምራሉ። እዚህ ላይ ጎብኚ ምን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ በአብዛኞቹ ቦታዎች የሚታየው መስቀለኛ መንገድ፣ ድልድይ ወይም የሰው አጥር ነው። ምልክትም ሰሌዳም የለም። ታሪኩን ሳያውቁ የሚመጡ ሰዎች ተናደው የሚመለሱት ለዚህ ነው።

ፍራይት ኮርነር በሚባለው መገንጠያ ላይ አንድ የመንገድ ዘራፊ ተከቦ፣ ከዛፍ ጋር በሰይፍ ተወግቶ ሞተ ይባላል፤ ዛፉ ዛሬ የለም። ፒኖክ በሚባለው ወንዝ ድልድይ ላይ ደግሞ ከውሃ ዳር ቅጠል ለቅማ የምትሸጥ አሮጊት ጂፕሲ ነበረች። የሸክላ ፒፓዋን እያጨሰች አረቄዋን ትጠጣለች፤ አንድ ማታ ፍሙ አረቄ በፈሰሰበት ሻሿ ላይ ወደቀና ተቃጠለች። የቀድሞዎቹ ሴትዮዋን ራሷን አየን ይሉ ነበር፤ የኋለኞቹ ግን ሮዝ ጭላንጭል ብቻ ነው የሚሉት። ከሁሉም ታሪክ ይቺ ናት አንጀት የምትበላው፤ ስሟን ያስቀመጠላት ሰው የለም። በዚያው አቅራቢያ የነፋስ ወፍጮ በነበረበት ቦታ ነጎድጓድ ሲመጣ የወፍጮው ጌታ ጥቁር ጥላ ይታያል ይላሉ። ዲኪ በስ ሌን በምትባለው ጠባብ መንገድ ተማሪዎቹ ተሰቅሎ ያገኙት አስተማሪ፣ ፓርክ ዉድ በተባለው ቦታ ራሱን የሰቀለ ኮሎኔል፣ በሞልትማንስ ሂል ቁልቁለት ላይ ፈረሶቹ ብቻቸውን የሚሰሙ ሰረገላ፣ በጡብ ፋብሪካው ጉድጓድ ግድግዳ ተደርምሶበት ሲወድቅ የጮኸው ሠራተኛ አሉ።

የመጨረሻው ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጡብ ፋብሪካው እዚያ የሆነው በአፈሩ ምክንያት ነው። መንደሩ ያለበት ኮረብታ አሸዋማ ድንጋይ ሲሆን፣ ከሥሩ ጀምሮ ያለው ሜዳ ዊልድ የሚባለው ከባድ የሸክላ አፈር ነው። ጡብ የሚሠራው ከዚያ ነው፤ የሸክላ ጉድጓድ በዝናብ ሲርስ ግድግዳው ይንዳል፤ ሰው ይሞትበታል። ይህ ታሪክ የእውነተኛ ሥራና የእውነተኛ አደጋ ሽታ አለው። ሰረገላውና ዘራፊው ግን በእንግሊዝ ብዙ መንደሮች የሚነገሩ ስለሆኑ ፕላክሊን ብቻ የሚመለከት ነገር የላቸውም። ጊዜ ካጠራችሁ እነሱን ዝለሉ።

ሮዝ ኮርትና ግሬይስቶንስ የሚባሉት ሁለት ቤቶች በዝርዝሩ ጎላ ብለው ይወጣሉ። በአንዱ በፍቅር ተስፋ ቆርጣ የመርዝ ፍሬ ጭማቂ የጠጣች የቱዶር ነገሥታት ዘመን (16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ) ሴት ከሰዓት በኋላ ከ4 እስከ 5 ሰዓት (በእንግሊዝ አቆጣጠር) ውሾቿን ትጠራለች፣ በሌላው ፍቅረኛዋ ነበረ የሚባል መነኩሴ ይታያል። ሁለቱም ሰው የሚኖርባቸው የግል ቤቶች ናቸው። ከመንገድ አይታችሁ እለፉ። አጥር ላይ መንጠላጠልና በር ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ነው የመንደሩን ሰው በጎብኚ ላይ ያስመረረው።

ዴሪንግ ዉድ፣ በወጣቶች ዘንድ የጩኸት ጫካ የሚባለው፣ ከመንደሩ በደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ስማርደን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከመቶ ሄክታር በላይ የሆነ ጥንታዊ ጫካ ነው፤ የዉድላንድ ትረስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ይጠብቀዋል፤ መግቢያው ነፃ ነው። ሆርንቢም የሚባለው ዛፍ ለዘመናት ከሥሩ እየተቆረጠ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ሲደረግ የኖረበት ስለሆነ ከአንድ ጉቶ አምስትና ስድስት ግንድ ይወጣል። ነፋስ ሲነሳ እነዚያ ግንዶች እርስ በርስ ይፋተጋሉና ሲጥ ሲጥ የሚል በር ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ። ጩኸቱስ? ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ የቀበሮ መጎዳኛ ወቅት ነው፤ እንስቷ የምታሰማው ድምፅ የሴት ሰቆቃ ይመስላል፤ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ፖሊስ ቢጠራ አይፈረድበትም። በኦክቶበርና በኖቬምበር ደግሞ ጉጉቶች ግዛታቸውን ለመያዝ ይጣራሉ። ጎብኚ የሚበዛበት ሃሎዊን የተባለው የመናፍስት በዓል የሚውለው ኦክቶበር 31 ስለሆነ፣ ያን ሌሊት የሚሰማው አብዛኛው ድምፅ የጉጉት ነው።

ጫካው ውስጥ የሚያስቸግረው ጭቃው ነው። እንደ አገራችን ዋልካ ጫማ ይዞ የሚያስቀር አፈር ነው፤ ከኖቬምበር እስከ ማርች ስኒከር አድርጎ መግባት ጫማውን መጣል ነው። ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ውሃ የማያስገባ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ዱካዎቹ ስለሚመሳሰሉ ሲመሽ አቅጣጫ ይጠፋል፤ በሃሎዊን ሰሞን ጀምበር የምትጠልቀው ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በዲሴምበር ከ4 ሰዓትም በፊት ነው። በግንባር የሚታሰር ባትሪና ትርፍ ባትሪ ድንጋይ ያዙ። ጫካውን በውበቱ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ይሂድ፤ መሬቱ በሰማያዊ ብሉቤል አበባ ይሸፈናል። አበባውን መርገጥ አይገባም፤ አንዴ ቅጠሉ ከተደቆሰ ተክሉ እስኪያገግም ዓመታት ይፈጃል።

ስለዚህ ጫካ ኢንተርኔት ላይ የሚዞር አንድ ወሬ አለ፤ በ1948 ሃሎዊን ማግስት ሃያ ሬሳ ተገኘ፣ ምክንያቱ ተድበሰበሰ የሚል። ሃያ ሰው በአንድ ሌሊት በኬንት ሞቶ ቢሆን ኖሮ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሁሉ በጮኸበት፣ የአስከሬን መርማሪ መዝገብም በኖረ ነበር፤ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። የሌሊት አስጎብኚዎችን ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ፈተና አናውቅም። ከመክፈላችሁ በፊት ስለ 1948 ጠይቁ። እንደ እውነት ከነገሯችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

አብረው የሚጠየቁ ጥቂት ነገሮች አሉ። ስንት ሰው ነው የሚሄደው? በጠባብ መንገድ ከአሥራ ሁለት በላይ ከሆነ የኋላው ሰው አይሰማም፣ መኪና ሲመጣም ጠርዝ ላይ አይበቃም። መንገዱ በእግር ነው ወይስ በመኪና እየዘለሉ? ለሦስተኛ ወገን አደጋ ኢንሹራንስ አላቸው? ዝናብ ቢመጣ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል? በእጅ የሚያዙ የኤሌክትሮ ማግኔት መለኪያ እየሰጡ መንፈስ ሲቀርብ ይበራል የሚሉም አሉ። ያ መሣሪያ በግድግዳ ውስጥ ያለ የመብራት ሽቦ፣ በኪስ ያለ ስልክ፣ ከመንገድ ዳር ያለ ትራንስፎርመር ሁሉ ያበራዋል። ስልካችሁን አጥፍታችሁ እንደገና ሞክሩት። አስጎብኚው ይህን ራሱ ካስረዳችሁ ጉብኝቱ ይከፈልበታል።

የዝርዝሩን ምንጭ ማወቅም ጉዞውን ያጣፍጠዋል። ከአሥራ ሁለቱ ጥቂቶቹ የድሮ የመንደር ወግ ናቸው። በ1950ዎቹ ግን ፍሬድሪክ ሳንደርስ የተባለ የኬንት ሰው ቦታዎቹን በሌሊት እየዞረ አስተያየቱን ጻፈ። ዴዝሞንድ ካሪንግተን የተባለው የሬዲዮ አቅራቢ ደግሞ በዚያው ዘመን ለአንድ መጽሔት ስለ ፕላክሊ መናፍስት ጽፎ፣ ኋላ አንዳንዶቹን ራሴ ፈጠርኳቸው ብሎ ተናግሯል። ከዚያ 1989 መጣ፤ ከዚያም ቴሌቪዥን፤ ከዚያም ኢንተርኔትና ያ የ1948 ወሬ። ሰር ኤድዋርድ በናስና በብራና የጀመረውን ሥራ መንደሩ በቃልና በወረቀት ቀጠለበት ማለት ነው። ይህ የመንደሩን ዋጋ ዝቅ አያደርገውም። ሰው ሙታኑን እንዴት እንደሚያበዛና ለምን እንደሚያበዛ በአንድ ቀን የእግር መንገድ የሚታይበት ሌላ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው።

ከሌሎቹ የመናፍስት መንደሮች ጋር ስናነጻጽራት፣ በኤሴክስ ያለው ቦርሊ ዝናው ይበልጣል፤ ነገር ግን የታወቀው የቄስ ቤት በ1939 ተቃጥሎ በ1944 ስለፈረሰ የሚታይ የለም፣ ነዋሪውም በጎብኚ ታክቷል። የግሎስተርሻየሩ ፕሬስትበሪ ጥቁር መነኩሴ አለው፣ መጠጥ ቤቶቹም ያምራሉ፤ ለቤተሰብ ይመቻል፤ ከለንደን ግን ሩቅ ነው።

ፕላክሊ ላይ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ሊትል ቻርት ሂዱ። የመንደሩ አሮጌ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ኦገስት 16 ቀን 1944 ጀርመኖች በወረወሩት ሰው አልባ የበራሪ ቦምብ ፈረሰ። የማማው ቁራጭና የግድግዳው ፍርስራሽ በመቃብሮቹ መሃል ቆሟል። በመናፍስት ዝርዝር ውስጥ የለም፣ አስጎብኚም አያደርሳችሁም። ከመንደሩ ሰው ጋር ስታወሩ ግን ቀኑን በትክክል የሚነግሯችሁ የዚህን ነው።

ሕፃናት ይዞ ለሚሄድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስኮቶቹና የጂፕሲዋ ድልድይ ይበቃሉ፤ ተሰቅለው የሞቱትን ሰዎች ታሪክ ዝለሉላቸው። የሕፃን ጋሪ ይዞ ከጣቢያው መውጣት አይመከርም፤ በመኪና ሂዱና መንደሩ ውስጥ አቁማችሁ በአጭሩ ዙሩ። በሃሎዊን ሌሊት ማንም ባይሄድ እንመርጣለን፤ ፖሊስ የሚቆምባቸው ዓመታት ነበሩ፣ ነዋሪውም በር ዘግቶ ነው የሚያድረው። ሙሉውን ዙር፣ ከጣቢያ ተነስቶ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የመንገዱን ቦታዎችና ጫካውን አይቶ እስከ መመለስ፣ ስድስት ሰዓት መድቡለት፤ ቀኑ በሚያጥርበት በእንግሊዝ ክረምት ደግሞ ጫካውን አስቀድማችሁ ጨርሱና በብርሃን ወደ ጣቢያው ውረዱ። ባቡሩ ከጣቢያው በሰዓት አንዴ ገደማ ስለሆነ የሚያልፈው፣ ከመንደሩ ስትነሱ 45 ደቂቃ አስቀድሙ።